ለብ ያለ ውሃ

ባሌ ሳሎናችን ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚያኖራቸውን ትንንሽ አምባዛ ዓሦች ለማስወለድ ዓመታት ደክሟል። ዓሣ ሻጩ፣ «ዝናብ የመጣ እንዲመስላቸው ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩባቸው፤ ያኔ እንቁላል ይጥላሉ» ብሎት ነበር። እሱ ግን አንጀቱ አልችል አለው። «እኔ ነኝ ብርድ የማስመታቸው?» እያለ ውሃውን በማንቆርቆሪያ ለብ አድርጎ፣ እንደ አራስ ልጅ ገላ መታጠቢያ በክርኑ ለክቶ ይጨምርላቸዋል። እነሱም ጺማቸውን አሸዋው ላይ እየጎተቱ ወፈሩ እንጂ አልወለዱም። «ሙሽሮቼ ዛሬም ኮሩ» ይለኝ ነበር።

ከሞተ በኋላ ውሃ የማሞቅ አቅም አጣሁ። የገንዳውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ ነቀልኩ፤ ከቧንቧ ቀድቼ ያሳደርኩትን ውሃ እንዲሁ ገለበጥኩባቸው። በማግስቱ መስታወቱ ላይ እንቁላል ተለጥፎ አገኘሁ፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሥራ ሳልገባ ቁጭ ብዬ አየሁት።

የባሌ ታላቅ እህት ገንዳውን ልትወስድ የመጣችው ያን ዕለት ነው። «የወንድሜ ነው» አለች። አልተከራከርኳትም።

«እትዬ፣ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ብቻ ይተዉልኝ። ከዚያ ሁሉንም ይውሰዱ። እሱ ይህን ሳያይ ነው የሄደው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «ለወንድሜ አንድ ያልወለድሽለት ሴት፣ ዛሬ ለዓሣ አዋላጅ ሆንሽ?»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ጨርቅ ነክራ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ወለወለችው። የረገፈውን አምባዛዎቹ ራሳቸው ለቃቅመው ዋጡት።

«አየሽ? ወላጆቹም አልፈለጉትም» ብላ ሳቀች። «ግድ የለሽም፣ እኔ ቤት ሲገቡ እንደ አሸን ይፈላሉ። የእኛ ቤት መካን አያውቅም።»

ዓሦቹን በባልዲ አዛወርን። የማሞቂያውን ገመድ ስታነሳ ፊቷ ተለወጠ።

«ነቅለሽው ነው? በብርድ ልትፈጂያቸው? አንቺ እኮ ጨካኝ ነሽ! በይ፣ እንዲወልዱልኝ ምን ላድርግ?»

የዓሣ ሻጩ ምክር አፌ ላይ ነበር። እርጥቡ ጨርቅ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው።

«ብርድ አይወዱም፣ እትዬ» አልኳት። «ማሞቂያውን ቀንም ሌትም አይንቀሉት። ውሃ ሲጨምሩ ለብ አድርገው፣ በክርንዎ ለክተው ይሁን። ወንድምዎ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ወይ ወንድሜ! አንጀቱ ቅቤ!» አለች።

ባልዲውን እስከ ደረጃው ድረስ ያዝኩላት።