ከመንገዱ ማዶ ያለው ስድስተኛ ቤት

ልጆቼ፣ ባሌ ሰኒክ አንድ ነገር ከጀመረ ሳይጨርስ አይተውም። ዓሣ ሲበላ እንኳ አጥንቱን መጥጦ፣ ጭንቅላቱን ፈልፍሎ ነው የሚነሳው። በዚህ ጠባዩ ስማረር ኖሬ አንድ ቀን ግን መረቅሁት።

ወንድሜ ደራማንና ሰኒክ ከልጅነት ጀምሮ የማይለያዩ ነበሩ። ደራማን ጋሲንግ ይሠራል፤ ያንን የሳህን ያህል የሚሰፋ፣ ዙሪያውን በእርሳስ የታሰረ ከባድ የእንጨት ሽክርክሪት። ሰኒክ ደግሞ ይወረውራል። ሩዝ ከተሰበሰበ በኋላ ውድድር ሲደረግ፣ ሳይወድቅ ረጅም ጊዜ የዞረው ያሸንፋል፤ እነሱም ስንቱን አሸንፈዋል። አንድ ዓመት ግን ሽክርክሪታቸው ከሁሉ ቀድሞ ወደቀ። ሰኒክ ተናደደና በሰው ሁሉ ፊት፦

«እንጨቱ እርጥብ ነው!» አለ።

ለጋሲንግ ሠሪ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ ሌባ ቢሉት ይሻለዋል። ደራማንም፦ «የረጠበው ክንድህ ነው!» ብሎ መለሰለት። በቃ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ቤቶቻችን ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚለያቸው አንድ ጠባብ መንገድ ነው። መንገዱ ላይ ሲገጣጠሙ አንዱ ሰማይ ያያል፣ ሌላው መሬት። እኔ የአንዱ ሚስት፣ የሌላው እህት፣ ወጥ በሳህን ይዤ ስመላለስ እግሬ ቀጠነ።

ከዚያ የደራማን ልጅ «አባቴ ብቻውን አይኖርም፣ ጆሆር እወስደዋለሁ» አለ። ሊሄድ የቀረው ሳምንት ብቻ ነበር። ጆሆር ለእናንተ የአንድ ቀን አውቶቡስ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ግን ሌላ ዓለም ነው። እንደተኳረፉ ከተለያዩ የሚቀጥለው መገናኛቸው ቀብር ላይ እንዳይሆን ፈራሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያው ሰሞን ከተማችን ለእንግዶች ካርታ አሳትማ ነበር። አስጎብኚ አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ይዞ ከቁጥር ወደ ቁጥር መሄድ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ሥዕሎች፣ የድሮው መስጊድ፣ የሸማኔዋ ቤት፣ የጀልባ ጠራቢዎቹ ዳስ። አንድ ጠዋት ሰኒክን «ና፣ እኛም እንደ እንግዳ እንዙር» አልኩት።

«በተወለድኩበት ከተማ ካርታ ይዤ? ነገ ደግሞ ወደ መኝታ ቤት የሚወስድ ካርታ ትሰጭኛለሽ!»

«እንደወደድክ። ቁጥር አንድ ላይ፣ ቻይናዎቹ ሰፈር፣ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ተስሏል። ቁርጥ አንተን ነው ይላሉ።»

ቀና ብሎ፦ «ማነው ያለው?»

«ሁሉም።»

አዲሱን ሳሮንግ፣ ያንን ባለ ጥለት ሽርጡን፣ ለብሶ፣ ጢሙን አበጥሮ ወጣ። ካርታውን አጥፌ በእጄ ያዝኩት።

ሥዕሉ ፊት ቆሞ ራሱን ሲመረምር ቆየ። «አፍንጫው የእኔ አይደለም። ትከሻው ግን… ትከሻውን አልደብቅም» አለ። ያኔ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ወጣት ካርታዋን ዘቅዝቃ ይዛ መጣች። ካላይ ትባላለች፤ ከኢፖ ከተማ የመጣች አስተማሪ ናት።

«አጎቴ! ይሄ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች።

አለቀለት። ካርታዋን አቅንቶ ሰጣትና ፊት ፊቷ ሄደ። መስጊዱ ጋ የአያቱን ታሪክ አወራላት። ሸማኔዋ ቤት የወርቅ ክር እንዴት እንደሚገባ ሊያሳይ ሲሞክር እጁን ተመታ። ጀልባ ጠራቢዎቹ ጋ አምስተኛውን ቁጥር ጨርሰን፣ ትኩስ የዓሣ ጥብስ እየበላን ሳለ ካላይ ካርታዋን አየች።

«አንድ ብቻ ቀረን። ስድስት፤ የጋሲንግ ሠሪው ቤት።»

ሰኒክ ማኘክ አቆመ። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ሴትዮ!»

«ምን አደረግሁ? ካርታውን እኔ አልሣልኩት።»

«ጉልበቴን አሞኛል።»

«ውይ አጎቴ፣» አለች ልጅቱ፣ «አምስቱን ዞረን አንዷን ብንተዋት አያሳዝንም?»

ይቺ ልጅ ጠባዩን ማን ነገራት? እኔ አፌን አልከፈትኩም። ሰኒክ እጁን በሳሮንጉ ጠረገ፣ ተነፈሰ፣ ተነሣ።

ደራማን ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየን ፊቱ እንደ ድንጋይ ሆነ። ግን እንግዳ አለች፤ በእንግዳ ፊት መጣላት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። እርስዎ ከየት ነው የመጡት?» አለው ሰኒክን።

«ከሩቅ» አለ ሰኒክ።

«መንገዱ አደከመዎት?»

«መንገዱ ጠባብ ነው፤ ለመሻገር ግን ያስቸግራል።»

ሳቄን በሻሼ ጫፍ አፈንኩት። ካላይ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሽክርክሪቶች እያየች «ትልቁ ሲዞር ማየት እንችላለን?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ አይወረወርም» አለ ደራማን። «የሚወረውረው ሰው የለም።»

«አጎቴ ቢሞክሩስ? ትከሻቸው እኮ ግድግዳ ላይ ተስሏል!»

ደራማን ትልቁን አወረደና ከገመዱ ጋር አቀበለው። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሰኒክ ገመዱን ሲጠመጥም ጣቶቹ እንደ ድሮው ፈጠኑ።

«ከዚህ በፊት ሞክረው ያውቃሉ?» አለች ካላይ።

«አንድ ጊዜ ሲወረወር አይቻለሁ።»

ወረወረ! መሬቱ ድም አለ። ደራማን ጎንበስ ብሎ ሽክርክሪቱን እየዞረ ሳለ በጠፍጣፋ የእንጨት ማንሻ አነሣውና ደጁ ላይ በተተከለች አጭር ምሰሶ አናት ላይ አስቀመጠው። የቆመ እስኪመስል ድረስ ሳይወዛወዝ ዞረ። ጋሲንግ እየዞረ እንግዳ አይነሣም፤ ወጉ ነው። ስለዚህ ተቀመጥን። ወተት ያለበት ሻይ መጣ። የሚሰማው ንብ የሚመስለው የእንጨቱ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰኒክ እግሩን ለመዘርጋት ሲሞክር ፊቱ ተጨማደደ።

«ያ ጉልበትህ አሁንም አልተወህም? ዘይቱን አትቀባም እንዴ?» አለ ደራማን፤ ከአፉ አመለጠው።

ካላይ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

ሰኒክ ሻዩን አስቀምጦ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ልጄ፣ ይሄን እንጨት ታያለሽ? ደረቅ ነው። ድሮም ደረቅ ነበር። እርጥብ ነው የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ መሸነፍ ያሳበደው ነውና አትስሚው።»

ደራማን ዓይኑን ከሽክርክሪቱ አላነሣም። «ልጄ፣ ወርዋሪውንም እይው። በዚህ ባሕር ዳርቻ እንዲህ ያለ ክንድ ሌላ የለም። ክንዱን የሚሰድብ ካጋጠመሽ…»

«እሱንም አልሰማውም» አለች ካላይ ቀስ ብላ።

እኔማ አለቀስኩ። ደራማን «እሷ ደግሞ በሠርግም ታለቅሳለች» አለ፤ ሰኒክ «በሽንኩርትም!» ብሎ ጨመረበት። በእኔ ላይ ለማሾፍ ተባብረው መሳቅ ጀመሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሲሾፍብኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሽክርክሪቱ መች እንደወደቀ ማንም አላየም።

ደራማን ሄደ፤ ይህን ማስቀረት አልቻልንም። አውቶቡሱ ጋ ግን የቤቱን ቁልፍ ሰኒክ እጅ ላይ አኖረ። «እንግዶች ይመጣሉ፤ በሩን ዘግተህ እንዳታሳፍረኝ» አለው። አሁን ባሌ በየጠዋቱ መንገዱን ተሻግሮ መስኮቶቹን ይከፍታል። ለሚመጣው ሁሉ ይወረውራል፤ ስልኩንም ምሰሶው ፊት ለፊት አቁሞ ጆሆር ላለው ደራማን በቪዲዮ ይደውልለታል። እንግዶቹ ሽክርክሪቱን አይተው ሲያጨበጭቡ ከስልኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይጮኻል፦

«ክርንህን ዝቅ! ዝቅ አድርገው አልኩህ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ሰኒክ ወደ እንግዶቹ ዞሮ «አትስሙት፤ የጆሆር ሙቀት በዝቶበት ነው» ይላቸዋል።