ሳይሳደብ የገባ ዕለት

ወልደጻድቅ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና፣ «እንደምን ዋሉ፣ አቶ ሽበሺ?» አለ።

ሽበሺ ምስማር አፍሶ ወደ ሚዛኑ ሲል ነበር። እጁ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ቀድሞ ያየው የጓደኛውን ፊት ሳይሆን ከጓደኛው ኋላ ማን እንዳለ ነው። ማንም የለም። የሐዋሳ ፒያሳ መንገድ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ከጎን ካለው ካፌ የማኪያቶ ማሽኑ ያፏጫል። ታዲያ «አቶ» የተባለው ማን ነው? «እንደምን ዋሉ» የተባለውስ?

ነገሩ እንዲገባችሁ ከዚያ በፊት የነበረውን ልንገራችሁ። ወልደጻድቅ በአንድ የክልል መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከደብረ ብርሃን በኩል ተመድቦ ሐዋሳ መጣና በዚያው ቀረ። ሽበሺ ከጉራጌ አገር መጥቶ ፒያሳ ላይ የምስማርና የቀለም ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ወልደጻድቅ ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ቤቱ ሄዶ አያውቅም። እዚህ ይመጣል፣ የቀለም ጣሳ ይገለብጣል፣ ይቀመጣል። ሰላምታቸውም ይኸው ነበር፦

«ነፍጠኛው መጣ! ጠመንጃህን ደጅ አስቀምጠህ ግባ!»

«አንተ ጉራጌ፣ መጀመሪያ አውራ ጣትህን ከሚዛኑ ላይ አንሳ!»

ወልደጻድቅ በሕይወቱ ከወረቀት መብሻ የከበደ መሣሪያ ይዞ አያውቅም። ሽበሺም ቢሆን ከሚዛኑ በላይ አንድ እፍኝ ምራቂ ካልጨመረ እንቅልፍ አይወስደውም። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለዚህም ነው የሚስቀው። ቆርቆሮ ሊያስመታ ምስማር ፍለጋ ከገጠር የመጣ ገበሬ እንኳ ሒሳቡን ከፍሎ ሲያበቃ ስድባቸውን ሰምቶ ለመሄድ ትንሽ ቆም ይል ነበር።

እንዲህ እየተሰዳደቡ ልጆች ዳሩ፣ ወላጆች ቀበሩ። የሽበሺ አባት የሞቱ ጊዜ ሽበሺ እህል አልቀምስ ብሎ ሰው ሁሉ ተጨነቀ። ወልደጻድቅ ሰው በሞላበት ድንኳን ገባና፣ «አንተ ጉራጌ፣ ይሄ ሐዘን ነው ወይስ ወጪ ቅነሳ?» አለው። ሐዘንተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሽበሺ እንባው እየወረደ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያም ሳህኑን ሳበ። ያን ቀን ያጎረሰውን እጅ እስከ ዛሬ አይረሳውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዛሬ ኮፍያውን አውልቆ የቆመው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሽበሺ። ቀጥሎ ሳያስበው፣ «እርስዎስ?» አለ።

«ይመስገን። ልቀመጥ?»

ልቀመጥ! ሽበሺ የቀለም ጣሳውን ራሱ ገለበጠለት። ወልደጻድቅ ተቀመጠ፤ የእጅ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖረ። የሽበሺ ዓይን ስልኩ ላይ ተተከለ። ጊዜው አንድ ለአምስት የሚሉት አደረጃጀት ከመሥሪያ ቤት አልፎ ሰፈር የገባበት ነው። ሰው ሦስት ሆኖ ሲቀመጥ የጎደሉት የት እንዳሉ ያስብ ነበር። ስልክ ተዘግቶም ቢሆን ድምፅ ይቀዳል ይባላል፤ ቁም ነገር ሊያወራ የፈለገ ሰው ባትሪውን ነቅሎ ያወጣል። ወልደጻድቅ ስልኩን ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ አያውቅም። ወይስ ሁልጊዜ ያስቀምጥ ነበር? ሽበሺ ማስታወስ አቃተው።

ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ ሐይቁ መሙላት አወሩ። ቀለም ሊገዛ የገባ ባለ ባጃጅ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፤ «ምነው ጋሼ፣ ተጣልታችኋል እንዴ?» አለ።

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ሁለቱም እኩል። ልጁ ግን ቀለሙን ተቀብሎ እየዞረ እያያቸው ወጣ።

ማታ ሽበሺ ለሚስቱ ለብርሃነሽ ነገራት። ብርሃነሽ እንኳንስ ሰው፣ ያለ ጊዜዋ የጮኸች ዶሮም የምትጠረጥር ሴት ናት። «ሰው እንዲሁ በድንገት ጨዋ አይሆንም» አለች። «ወይ ገንዘብ ፈልጓል፣ ወይ ነገር ፈልጓል።»

«ገንዘብ ቢፈልግ ሰድቦኝ ነው የሚጠይቀኝ።»

«እንግዲያማ ነገር ነው። አንተስ ምን አልከው?»

«ምንም። እርስዎ አልኩት።»

«ደግ አደረግህ» አለች ብርሃነሽ። «እሱን ነፍጠኛ የምትለውን ነገር ደግሞ ተው። ድምፅህን ቀድቶ ያስይዝሃል።»

ሽበሺ አልጋው ላይ ተገላበጠ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል በስብሰባ ላይ ከመድረክ ሲነገር ትንታኔ ነው፤ ሱቅ ውስጥ በሳቅ መሃል ሲነገር ግን ምን እንደሚባል ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ንግድ ፈቃዱ የሚታደስበት ወር ደርሷል። ወልደጻድቅ ተልኮ ቢሆንስ? «ተልኮ» የሚለው ሐሳብ በአእምሮው ሲያልፍ በራሱ አፈረ፤ ቢያፍርም ግን ሐሳቡ አልወጣለትም።

በማግስቱም ወልደጻድቅ መጣ፣ «እንደምን ዋሉ» አለ። በሌላውም ቀን። ጨዋነቱ እየባሰበት ሄደ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሲሰናበት ከወገቡ ጎንበስ አለ። ሽበሺ ደግሞ እንዳይበለጥ ማኪያቶውን ከጎረቤት ካፌ አስመጥቶ በትሪ አቀረበለት። ሁለት አምባሳደሮች ቢገናኙ ከዚህ በላይ አይከባበሩም። በመሃላቸው አንድም ሳቅ አልነበረም፤ ሽበሺም ከሱቁ ሲወጣ አንገቱን እያመመው ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎች ወደ ሱቁ መጡ። አንደኛዋ ወይዘሪት ወንጌላዊት የምትባል፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ወጣት ናት፤ ከወልደጻድቅ መሥሪያ ቤት ነኝ አለች። ሌላው ሰውዬ ስሙንም አልተናገረ፣ ሌላም አልተናገረ፤ የቀለም ዋጋ እያየ ቆመ።

«አቶ ሽበሺ፣ ለክስ አይደለም የመጣነው» አለች። «በግምገማችን ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ የራሱን ድክመት ራሱ ይናገራል። አቶ ወልደጻድቅ አንድን ነጋዴ በብሔሩ እየጠሩ ይሰድቡ እንደነበር ተናገሩ። ነጋዴው እርስዎ ነዎት አሉ። እሱን ለማጣራት ነው።»

«ራሳቸው ናቸው የተናገሩት?»

«ራሳቸው።»

ሽበሺ በሆዱ ሳቀ። ማን ነው ራሱን የሚከስ? ሌባ እንኳ እጅ ከፍንጅ ተይዞ አልሰረቅሁም ይላል። ይህቺ ልጅ ወጥመድ ይዛ ነው የመጣችው። ስድቡን ካመነ፣ ቀጥሎ «እርስዎስ ምን ይሏቸው ነበር?» ትለዋለች። ያኔ ምን ሊል ነው?

ወንጌላዊት ማመንታቱን አየች። «ተራ ነገር ሊመስልዎት ይችላል» አለች። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ልጅ ሆኜ ገበያ ስንውል ውሃ ስንጠይቅ ለእኛ የሚሰጡን በተሰበረ ቅል ነበር። በወገናችን ስም እየጠሩ ይስቁ ነበር። ቀልድ ነው ይሉን ነበር። እናቴ ያን ሳቅ አልረሳችውም፤ እኔም።»

ይህን ስትል ዓይኗ ቀላ። እውነቷን ነበር። ሽበሺ ይህን አየ፣ ልቡም ራራ፤ ለአንድ አፍታ ያን የድንኳኑን ቀን ሊነግራት ቃጣው። ነገር ግን ያ የማይናገረው ሰውዬ የቀለም ጣሳውን ትቶ ወደ እሱ ዞሮ ነበር። የሽበሺ ልብ ተመልሶ ተቆለፈ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች ወንጌላዊት። «ከአቶ ወልደጻድቅ ጋር ምን ያህል ትቀራረባላችሁ? ጓደኛሞች ናችሁ?»

ጓደኛሞች ከተባለ አብሮ መብላት አለ፣ አብሮ መሳደብ አለ። ሽበሺ ይህን በልቡ አሰላ።

«ደንበኛ ናቸው» አለ። «ምስማር ይገዛሉ። ከዚያ ያለፈ ቅርበት የለንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ግን ደንበኛ ናቸው።»

ወንጌላዊት ሌላ መልስ ጠብቃ የነበረች ትመስል ነበር። አመሰገነችውና ወጡ። ሽበሺ ምስማሩን እየደረደረ፣ እኔንም አዳንኩ እሱንም አዳንኩ፣ ብሎ አሰበ። ያን ቀን ምሳውን በደንብ በላ።

ከዚያ በኋላ ወልደጻድቅ ጠፋ። ሽበሺ መጀመሪያ እፎይ አለ፤ ቀጥሎ መንገዱን ማየት ጀመረ፤ ቀጥሎ በባህል አዳራሽ በኩል የሚመጣን ባለ ኮፍያ ሁሉ እሱ ነው ማለት ጀመረ። የተገለበጠውን የቀለም ጣሳ ግን ሌላ ሰው እንዲቀመጥበት አልፈቀደም።

ሳምንታት አልፈው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወልደጻድቅ መጣ። ከስቷል። «እንደምን ዋሉ» ብሎ ተቀመጠ፤ ስለ ዝናብ ግን አላወራም።

«ከኃላፊነቴ ተነሣሁ» አለ። «አሁን ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ። አሮጌ ወንበር እቆጥራለሁ። ጡረታዬ ቅርብ ስለሆነ አላባረሩኝም።»

«ምን ሆኑ?» አለ ሽበሺ።

«የራሴ ሞኝነት ነው። በየዓመቱ ግለ ሂስ ሲባል፣ ሰዓት አላከብርም እል ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ዘንድሮ ሰብሳቢው፣ ሰዓት አላከብርም የሚል ሰው አንቀበልም፣ የአመለካከት ችግር አምጡ አለ። እኔ ምን አመለካከት አለኝ? ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት ትንሹ ነገር ከእርስዎ ጋር የምንቀልደው ነው። ተናገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታረም ተባልኩ፤ ሰው ሰምቶ እርስዎን ደግሞ እንዳያስጠራብኝ ብዬ በጨዋ ደንብ መምጣት ጀመርኩ።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ያወረዱዎት?»

«ለዚህማ አይደለም። የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው፣ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ያቺ ወንጌላዊት ደግ ልጅ ናት፤ ወዳጅ ከሆኑማ ጨዋታ ነው፣ ሰውየውን ጠይቀን እንዘጋዋለን አለች።» ወልደጻድቅ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አዞረ። «ጠይቃ ስትመለስ፣ ወዳጅ አይደለንም ብለዋል አለች። ወዳጅ ካልሆነ ያው ስድብ ነው። ውሸታምም ሆንኩ።»

ሽበሺ ባንኮኒውን ያዘ።

«ስለ እኔስ አልጠየቁዎትም?» አለ በመጨረሻ። «ማለት… እኔ እርስዎን ምን እንደምል?»

«ጠይቀውኛል። በስሜ ነው የሚጠራኝ አልኩ።»

ሽበሺ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ይቅርታ ማለት ፈለገ፤ ይቅርታ ግን በመሃላቸው ተብሎ የማያውቅ ቃል ነው፤ ሁልጊዜ የሚታረቁት በስድብ ነበር። ሄደና የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረደው። ስልኩን አወጣ፣ ጀርባውን ከፈተ፣ ባትሪውን ነቅሎ ሚዛኑ ላይ አኖረ። ወልደጻድቅ አየውና ገባው። እሱም የራሱን ነቀለ፤ አጠገቡ አኖረ።

«በሉ» አለ ሽበሺ። «በሉ ይስደቡኝ።»

ወልደጻድቅ ፈገግ ያለ መሰለ። አፉን ከፈተ። ግማሽ የወረደውን መዝጊያ አየ፣ ከመዝጊያው ሥር የሚያልፉትን የሰው እግሮች አየ፣ አፉን ዘጋ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ።

ሽበሺ ትንፋሹን ሳበ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለ ሐሳብ ያወጣው ቃል። በዚህ መሃል ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዓይኑ ወደ ወልደጻድቅ የኮት ኪስ ሄደ። ኪሱ አብጧል። አንዳንድ ሰው ሁለት ስልክ ይይዛል ይባላል።

ወልደጻድቅ ዓይኑን ተከተለ። እጁን ኪሱ ውስጥ አስገባና የመነጽር ማህደሩን አወጣ፤ ከፍቶ ውስጡን አሳየው፤ ባንኮኒው ላይ፣ ከምስማሩ አጠገብ፣ ቀስ አድርጎ አኖረው። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

የሽበሺ ፊት በሐፍረት ነደደ። አሁን እንኳ ልበለው፣ አሁን እንኳ፣ እያለ አፉን ከፈተ።

«ኧረ ግድ የለም» አለ፤ «እርስዎ ይቅደሙ።»