ጭራው ወደ ሰማይ የሆነው ቺማ

በእኛ በረሃ ቺማ የት እንደሚበቅል መዋሸት ኃጢአት አይደለም። ሌባን እናሳድዳለን፣ በሐሰት የመሰከረን ከድንኳናችን እናባርራለን፤ የቺማ ቦታ ተጠይቆ እውነቱን የተናገረ ሰው ሲገኝ ግን «ምን ነካው?» ብለን ለሚስቱ እናዝንላታለን። ቺማ ጃንጥላም እግርም የሌለው፣ ከመሬት በታች እንደ ድንች የሚተኛ እንጉዳይ ነው። ቦታውን ያወቀ ይለቅመዋል፣ ያላወቀ በላዩ ላይ ተራምዶ ያልፋል። ስለዚህ እንዋሻለን። እኔ ፍላይህ፣ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ አምስተኛን በመስኮት ያየሁ ሰው፣ በዚህ ትምህርት ግን አስተማሪ መሆን እችል ነበር።

በዚያ ጸደይ ሁለት የከተማ ሰዎች መኪናቸውን ከአክስቴ ድንኳን ፊት አቁመው «ወንድም፣ ቺማ የት ይገኛል?» አሉኝ።

«ከዚያ ኮረብታ ጀርባ» አልኳቸው። «ግን የጫማችሁን ማሰሪያ አጥብቁ። ከብዛቱ የተነሣ መሬቱ ያንከባልላል። አምና አንዱን ትልቅ ቺማ በዚህ ጎን መቆፈር ብንጀምር፣ በዚያኛው ጎን የጎረቤት ግመል ጥላው ሥር ተኝታ አገኘናት።»

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። አክስቴ ወድሃ ከድንኳኑ ውስጥ «አንተ ቀጣፊ፣ ሳቁ ወይስ አመኑ?» አለችኝ።

«አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ጫማውን አጠበቀ።»

«ግመሏስ? ከዚያስ ምን ሆነች?»

ይህችን «ከዚያስ?» ነው የምወድላት። በበረሃው ሁሉ ውሸቴን እስከ መጨረሻው የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም። ሌሎቹ ግመሏ ጋ ሲደርሱ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ጨዋታችንን ያቋረጠው የልጇ የዳሪ ፒካፕ ነው። ዳሪ ሰማዋ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። እናቱን ሊወስዳት ነው የመጣው። በብርዱ ወራት ዓይኗ ደክሞ፣ አሁን ሰውን የምታየው በጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ነው። ዳሪ ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ምንጣፎቹንና የልብስ ሣጥኗን ይጭን ጀመር።

«እማ፣ በቃ አሁን» አለ። «ሻይ በብርጭቆ ቀዳሁ ብለሽ ፍሙ ላይ ቀዳሽው። በድንኳኑ ገመድ ተጠልፈሽ ወደቅሽ። ብትሰበሪ ማን ያነሣሻል? ይሄ?» በአገጩ እኔን አሳየ።

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?» አልኩት።

«አንተማ ወድቃ ብታያት፣ ታሪኩን መጀመሪያ ለሰፈሩ አውርተህ ነው ተመልሰህ የምታነሣት።»

እውነቱን ነው።

«ጥሩ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ እማ። መስኮት አለው።»

«መስኮቱ ምን ያያል?»

ዳሪ ትንሽ አሰበ። «የጎረቤት ግድግዳ።»

«ለግድግዳማ ይህ የቀረኝ ዓይን ይበዛል» አለችና በእጇ ዳብሳ የትከሻ ከረጢቷን አነሣች። «ስማኝ ልጄ። ዛሬ ቺማ ለቀማ እወጣለሁ። ይህችን እስከ ምሳ ሰዓት ከሞላሁ፣ ዕቃዬን አውርደህ ትተወኛለህ። ካልሞላሁ እንደ ምንጣፉ ጠቅልለህ ጫነኝ፤ አልናገርም።»

ዳሪ ወዲያው እሺ አለ። ምን ያስፈራዋል? የዚያ ዓመት ዝናብ ስስታም ነበር፤ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት የሆነ ሴቶች እንኳ ከረጢታቸውን አጋምሰው ነበር የሚመለሱት። ወድሃም ይህን ታውቃለች።

እሷ ጫማዋን ስትፈልግ፣ ዳሪ ጭነቱን ሲያስር፣ እኔ ወደ ጎረቤት ድንኳን በረርኩ። አንድ ግልገል ሰጥቼ፣ ጎረቤቴ በዋዜማው የለቀመችውን ቺማ ለወጥኩ። ከዚያ ቀድሜ ወደ ሸለቆው አፍ ሮጥኩና፣ ነጫጭ አበቦች ባሉበት እየቆፈርኩ ቀበርኩት። ቺማ ሲያድግ መሬቱን ከፍ አድርጎ ይሰነጥቀዋል፤ እኔም አፈሩን ቆለል አድርጌ በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ሳየው ራሴ አመንኩት።

ሦስታችን ስንወጣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ነበር። ሸለቆው በዓመት አንዴ የሚለብሰውን ለብሷል። ደረቅ ነው የሚሉት መሬት ሐምራዊና ቢጫ ሆኖ፣ ንቡ መንገድ አልለቅም ብሎናል። ወድሃ በዱላዋ እየዳበሰች፣ አፍንጫዋን አስቀድማ ትሄዳለች።

«ዳሪ፣ እግርህን አንሣ፤ ኹዛማዋን ረገጥካት።»

ዳሪ ወደ ታች አየ። ሐምራዊዋ አበባ ከጫማው ሥር ተጣብቃለች። «እንዴት አወቅሽ?»

«በጠረኗ ጮኸችብኝ።» ጎንበስ ብላ ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ቆረጠችና በጣቶቿ አሸችው። «ይህ የበረሃ አሪቲ ነው። አባትህ ሆዱን ሲያመው ይህን ያኝክ ነበር። ፊቱን እንዲያ ተኮማትሮ ሲያየው ሕመሙ ራሱ ደንግጦ ይሄድ ነበር። ያኛው፣ ከቀኝህ ያለው፣ ጨዋማ አይደል? ቅመሰው።»

ዳሪ ቀመሰው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ አላወጣውም።

ወደ ቀበርኩበት ስንቃረብ እርምጃዬን ቀነስኩ። ወድሃ ግን ሳትቆም አለፈችው።

«አክስቴ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ብናይስ?» አልኳት።

«ምን ልናይ? ቺማ ያለ ሩግሩግ ሥር አይበቅልም። እዚህ የሚሸተኝ ነጩ አበባ ብቻ ነው። ቀጥል።»

ሩግሩግ! ቺማ ከሥሩ የሚጠባው ያ ትንሽ ቁጥቋጦ በአካባቢው አንድም አልነበረም። አበባው አምሮብኝ ነው እዚያ የቀበርኩት።

ይሄን ጊዜ ዳሪ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ሊያወጣ ከኋላችን ቁጭ አለ። ከዚያም ጮኸ። እባብ የነደፈው መስሎኝ ዞርኩ። በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በሁለት እጁ ይዝቃል።

«እማ! እማ፣ አገኘሁ! እኔ አገኘሁ!»

ይህ ሰው በልጅነቱ አንድ ቺማ አግኝቶ አያውቅም። ሌሎቻችን ለቅመን ስንመለስ፣ እሱ ድንጋይ በአፈር አድበልብሎ በከረጢቱ ይዞ ይመጣ ነበር። በዚህ ስቀንበታል። እኔ ከሁሉም በላይ ስቄበታለሁ። አሁን ሆዱ የተንዘረጠጠው ባለ ሱቅ እንደ ሕፃን እየሮጠ መጥቶ ቺማውን በእናቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ግን አንድ ነገር ገረመኝ፣ እማ። ጭራው ወደ ላይ ነው። የሁለተኛውንም አፈር ከፈት አድርጌ አየሁ፤ እሱም እንደዚያው። ጭራው ወደ ታች አልነበረም እንዴ?»

ነው እንጂ! ቺማን ከመሬቱ ጋር የምታያይዘው ያቺ ትንሽ ጭራ ወደ ታች ናት፤ ሰው በእግሩ እንደሚቆም። እኔ በጥድፊያ አንዱን ሳላስቀር ዘቅዝቄ ቀብሬዋለሁ።

ወድሃ ቺማውን አገላበጠችው። አሸተተችው። ከዚያ ጭጋጋም ዓይኗን በቀጥታ ወደ እኔ አዞረች። ቃል ብትተነፍስ ዳሪ ሁለታችን የዶለትንበት ይመስለዋል፤ ውርርዱም እዚያው ያበቃል።

«የነጎድጓድ ቺማ ነው» አለች ቀስ ብላ። «መብረቅ መሬቱን ሲመታ የተኛው ሁሉ ተኝቶ ይቀራል፤ ይህ ዘር ግን ድንጉጥ ስለሆነ ይገለበጣል። አያቴ አንድ ጊዜ አግኝታ ስትቀቅለው፣ እስኪበስል ድረስ የድስቱ ክዳን ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ከዚያስ?» አላት ዳሪ፣ አፉን ከፍቶ።

«ከዚያማ በላነው። ሌሊቱን ሙሉ እኛ ተንቀጠቀጥን።»

እኔ ዕድሜ ልኬን ስዋሽ እንዲህ ያለ አልወጣልኝም።

ዳሪ የቀረውን ቆፍሮ ኪሶቹን ሞላ። ከዚያም ወደ ሩግሩጎቹ ወረድን። ወድሃ ጫማዋን አውልቃ በቀስታ ትረግጥ ጀመር።

«አንተም አውልቅ» አለችው። «በተረከዝህ ሳይሆን በውስጥ እግርህ። መሬቱ የሕፃን ራስ የነካህ ያህል ሲለሰልስህ ቁም።»

እጁን ይዛ አብረው ሄዱ። አንድ አገኙ፣ ቆየት ብለው ሌላ። ጭራቸው ወደ ታች ነው። ዳሪ ይህን አላነሣም፤ እግሩን ብቻ ያያል። ፀሐይዋ እላያችን ስትደርስ ወድሃ ቁጭ ብላ ከረጢቷን መዘነች። ግማሽ እንኳ አልሆነም።

«የዳሪን ኪስ ጨምሪበት» አልኳት በችኮላ። «ይሞላል!»

«ዝም በል አንተ» አለችኝ፣ ቁጣዋ እውነተኛ ነበር። ስለ ቦታው መዋሸት ይፈቀዳል፤ ስለ ከረጢቱ መዋሸት ግን በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። «የእሱ የእሱ ነው። እኔ አልሞላሁም። ና ልጄ፣ ጫነኝ።»

ዳሪ አልተነሣም። አፈር የለበሰ እግሩን እያየ፣ «ይህን ቦታ በሚቀጥለው ዓመት እንዴት ነው የማገኘው?» አለ።

«አታገኘውም። ልነግርህም አልችልም፤ እግሬ ነው የሚያውቀው። ከሰማዋ ደግሞ እግሬ እዚህ አይደርስም።»

በአንድ ጣቱ የሩግሩጉን ቅርንጫፍ ቀና አድርጎ፣ መልሶ ለቀቀው።

«በጋውን ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ» አለ በመጨረሻ። «ሙቀቱን በዚህ ዓይን እዚህ አታሳልፊውም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ መልሼ አመጣሻለሁ። አሁን ግን ሣሩ እስኪደርቅ እዚሁ ሁኚ። ዓርብ ዓርብ እመጣለሁ። እና ይሄ ቀጣፊ ድንኳኑን አምጥቶ ካንቺ ጎን ይተክላል፤ ብትወድቂ መጀመሪያ ያነሣሻል፣ ኋላ ያወራል።»

«ቅጣቱ ለእኔ ነው ለእሱ?» አለች ወድሃ። ፊቷን ወደ አበቦቹ ስላዞረች፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላየሁም።

ድንኳን ስንደርስ ወድሃ የለቀምነውን በቅቤ አብስላልን በላን። ከዚያ ዳሪ ገና እጁን ሳይታጠብ፣ «እማ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል የቺማው ስንጥቅ በጥላው ጥሩ ይታያል አይደል?» አለና ተነሣ። ክንዷን ያዘ፤ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ወደ ሸለቆው ወረዱ። ምንጣፉን፣ ሣጥኑን፣ ብረት ምጣዱን፣ ያንን ሁሉ ጭነት ብቻዬን ሳወርድ ዋልኩ።