ሆድ የተገለበጠበት ታወር

ኤይልሳ ሮብሰን ከወንድሟ ከካትበርት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር የጀመረችው እሱ ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። ቤታቸው ሳውዝ ሺልድስ፣ የታይን ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ከተማ ውስጥ ነው። ካትበርት ዕድሜውን ሙሉ የጎታች መርከብ ካፒቴን ነበር። «ታግ» ይሏታል፤ ትንሽ ሆና ሳለ ተራራ የሚያህለውን የጭነት መርከብ በገመድ ስባ ወደብ የምታስገባዋን። የእሱ ታግ አርጅታ ለብረት ከተቆራረጠች ወዲህ ግን ስሟን በአፉ አይጠራም። ኤይልሳም አውቃ አታነሣበትም።

ዓርብ ሲመጣ ግን ሰውየው ሌላ ነው። ዓርብ የከተማው ጋዜጣ የ«ጉጉት»ን መስቀለኛ ቃላት ይዞ ይወጣል። ጉጉት የብዕር ስም ነው፤ የስሙ ባለቤት ሚስ ቴርልዌል መሆኗን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኤይልሳን በልጅነቷ ፒያኖ ያስተማረች፣ ዘጠና ዓመት የተጠጋች ሴት ናት።

የጉጉት ፍንጭ እንደ ተራ ጥያቄ አይደለም። አንዱ ጫፉ የመልሱን ፍቺ በቅንነት ይናገራል፤ የቀረው ደግሞ ቃሉ ከምን ከምን ፊደል እንደተሠራ ይጠቁማል። ሁለቱ የተጋጠሙበት ስፌት ግን አይታይም። አንድ ጊዜ «ሎሚ ቢጨፈለቅ ሌላ ፍሬ ይወጣዋል» ብላ ጽፋ ነበር። ካትበርት ጭማቂ እያሰበ ግማሽ ቀን ዋለ። ለካ የሚጨፈለቀው ቃሉ ኖሯል፤ ሎሚ በእንግሊዝኛ «ሌመን» ነው፣ ፊደሎቹን ቀላቅለው እንደገና ሲደረድሯቸው «ሜለን» የሚባለው ሌላ ፍሬ ይሆናል። ኤይልሳ ያን ዕለት ከሳቋ የተነሣ ሻይዋን ደፍታለች።

በዚህ ዓርብ ሁሉም ተሞልቶ አንዲት ቃል ብቻ ቀረች፦ «ሆድ የተገለበጠበት ታወር»። ታወር በእንግሊዝኛ ግንብ ነው፤ መልሷ ሦስት ፊደል ናት፤ ከሌላ ቃል ጋር የተሻገረችው መካከለኛዋ ፊደል «ዩ» እንደሆነች ታውቋል።

«የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ነው» አለ ካትበርት። «ከላይ ሆነሽ ቁልቁል ስታዪ ሆድሽ አይገለበጥም?»

«የኔ ይገለበጣል። ግን ሦስት ፊደል ያለው ግንብ የታለ?»

ቅዳሜ የግንብ ስም ሲቆጥሩ ዋሉ። እሑድ ካትበርት የአጎታቸውን ልጅ ሳይቀር በስልክ አስጨነቀ። ሰኞ ጠዋት ጋዜጣውን አጥፎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው። ሄጄ እነግራታለሁ።»

«እረ ተው አንተ ሰውዬ! ያቺን ባልቴት በሳምንቱ መጀመሪያ ልትጣላት?»

«አልጣላትም። አርማታለሁ እንጂ።»

ኤይልሳ ነገሩን እንዳያከፋው ብላ ተከተለችው።

ሚስ ቴርልዌል በሩን ራሷ ከፈተች። ጀርባዋ ጎብጧል፣ ዓይኗ ግን እንደ ስሟ የጉጉት ነው። ክፍሏ ወንዙን ቁልቁል ያያል። ካትበርት ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሻይ ተቀዳ፣ ብስኩት ቀረበ፤ እሱ ግን አልነካውም።

«ሚስ ቴርልዌል፣ በይቅርታ፣ አሥራ አራተኛው አግድም ላይ አንድ ፊደል ሳይሳሳት አልቀረም።»

«እስቲ አንብብልኝ» አለችው።

«ሆድ የተገለበጠበት ታወር።»

«ድገመው።»

«ሆድ የተገለበጠበት ታወር!»

«ታወር ብለህ አንብብ ያለህ ማነው?»

«ተጽፏላ! ይኸው!»

«የተጻፈው ፊደሉ ነው ልጄ። ድምፁን የሰጠኸው አንተ ነህ።»

ኤይልሳ ጋዜጣውን ከወንድሟ እጅ ወስዳ ቃሉን እንደ አዲስ አየችው። «ይበላል» ተብሎ የተጻፈ ቃል ላልቶ ሲነበብ በላተኛውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ምግቡን እንደሚናገር፣ ይህም ቃል ሌላ ንባብ ይኖረው ይሆን? ታወር... ቲወር... ቶወር። ያው አጻጻፍ እንዲህም ይነበባል፤ «ቶው» በእንግሊዝኛ መጎተት ነው። ቶወር፣ ጎታች!

ሦስት ቀን ሙሉ ዓይናቸው ሥር ተቀምጦ፣ አንዲት ፊደል ሳይሸሸግ! ይቺ ሴት አንድም ነገር አልዋሸቻቸውም፤ ዝም ብላ እነሱ ራሳቸውን እንዲያታልሉ ትታቸዋለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወንድሟን አየችና ዋጠችው። ይህ የእሱ ነው።

ጊዜ ወሰደ። ካትበርት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ያንኳኳል። ድንገት እጁ ቆመ።

«ቶወር» አለ ቀስ ብሎ። «ሆድ... ጋት። ጂ፣ ዩ፣ ቲ። ተገልብጧል ካሉ... ቲ፣ ዩ፣ ጂ...»

አልጨረሰውም። ወንበሩን አዙሮ በመስኮቱ ቁልቁል አየ። ወንዙ ላይ ሁለት ታጎች አንድ ግራጫ መርከብ ግራና ቀኝ ይዘው ያስገባሉ።

«እኔ!» አለ። «ከሰው ሁሉ እኔ ልስተው? እንጀራዬ እኮ ነበረች!»

«ለዚያ ነው የሳትካት» አለች ሚስ ቴርልዌል። «አንተ ስሟን እንጂ ትርጉሟን መች አስበህ ታውቃለህ?»

«ለእኔ ብለው ነው የጻፏት?»

«በፍጹም! እኔ ፊደል ሲገለበጥ ደስ ስለሚለኝ ነው። አንተን መቼ አስታውሼ!»

ካትበርት ከልቡ ሳቀ። ኤይልሳ እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ቆይታለች።

«አሁን ደግሞ አንተ አስረዳኝ» አለች አሮጊቷ፣ ወንበሯን እየሳበች። «በዚህ መስኮት ስንት ዘመን አየሁ፣ ግን አይገባኝም። ያቺ ትንሽ ነገር ያን ሁሉ ብረት እንዴት ታዞረዋለች?»

ካትበርት የሻይ ማንቆርቆሪያውን መርከብ፣ የስኳር ዕቃውን ታግ አደረገ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በማንኪያ አሳየ። ገመዱ ሲላላና ሲወጠር እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ያን ድምፅ እየሰማ መቼ እንደሚለቅና መቼ እንደሚይዝ ነገራት። በስም የማይጠራትን ታጉንም «የኔዋ ማርጌሪ» እያለ ደጋግሞ ጠራት። ሚስ ቴርልዌል አገጯን በእጇ ደግፋ እንደ ተማሪ ሰማችው።

«ይህማ ከኔ ሥራ ይከብዳል» አለች። «እኔ ብሳሳት ማንም አይሰምጥም።»

«እኔ ደግሞ አንድ ቃል አገላብጬ ሰው ሦስት ቀን ማስጨነቅ አልችልም» አለ ካትበርት፣ ብስኩቱን እያነሣ።

ሲወጡ ቁልቁለቱ ላይ ኤይልሳ ክንዱን ያዘች።

«ካንተ ቀድሜ ነው የደረስኩበት።»

«ውሸታም!»

«ሻይዬ እስኪበርድ ጠበቅኩህ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፊትህን ለማየት።»

ካትበርት ቆሞ አያት፤ ከዚያ ጋዜጣውን ከእጇ ወስዶ የመብራት ምሰሶ ላይ አስደገፈ። በብዕሩ የ«ታግ»ን ሦስት ፊደሎች በትልልቁ፣ ከሳጥኖቹ እስኪያልፉ ድረስ ጻፋቸው።