አምስት ከአሥር የበለጠ ዕለት

ባለቤቴን ቀነዓን ወህኒ ሊያስወርደው የነበረው ዕቃ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ነቀምቴ ባለው የቡና መሥሪያ ቤታችን ካለችው አንዲት ኮምፒውተር ጋር የሚገጠም አዲስ ዲስክ ነበር። አሮጌው ዲስክ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ ይውልና ሥራውን ሳይጨርስ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ የኮምፒውተር ባለሙያው ቀነዓ ራሱ ፈርሞ አዲሱን በውጭ ምንዛሪ አስመጣ። ፊርማው የእሱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እኛ ቤት ሁለታችን ሳንመክር በርበሬ እንኳ አይገዛም፤ ቢሮ ሲሆን ግን ደፋር ሆነ።

ዕቃው ሲከፈት የላዩን ጽሑፍ ቀድመው ያነበቡት ኃላፊያችን ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸው ካልመረቁት ሚስማር አይመታም። በአሮጌው ዲስክ ላይ «በሰከንድ አሥር ሚሊዮን ቢት» ተብሎ ተጽፏል፤ በአዲሱ ላይ «በሰከንድ አምስት ሚሊዮን ባይት»። ጓድ ሀብተጊዮርጊስ አሥርንና አምስትን በሚገባ ያውቃሉ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ቃል ግን ለጌጥ የተጻፈ አድርገው ነው የቆጠሩት።

«ከእጅ አይሻል ዶማ!» አሉ። «የሰፊው ሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ ፍጥነታችን በግማሽ ወረደ? ይህማ አሻጥር ነው!»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ተነግሮ ብቻ አይቀርም። ከሾፌሮቻችን አንዱ በጎማ አሻጥር ከተወሰደ ወዲህ ሚስቱ ስንቅ ታመላልሳለች። እኔም አገልግል ይዤ ወህኒ በር ላይ ስቆም ታየኝ።

በማግስቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ። የባሌን ጥፋት በገዛ እጄ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ኢምፔሪያሊዝምን በደንብ ካወገዙ በኋላ «ጓድ ቀነዓ ግለሂስ ያድርግ» አሉ።

ቀነዓ ተነሣ። «ጓድ ኃላፊ፣ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው።»

«ስምንት ይሁን ብሎ የወሰነው ማነው? በየትኛው ስብሰባ?»

«ዓለም በሙሉ የሚቆጥረው እንደዚያ ነው።»

«ሶቪየት ኅብረትም?»

«ሶቪየት ኅብረትም።»

ኃላፊው ትንሽ ረገብ አሉ። አዳራሹ ግን ገና አልገባውም፤ ያልገባው አዳራሽ ደግሞ እጁን አውጥቶ ለመወሰን ይቸኩላል። ቀነዓ አንድ ጊዜ እኔን አየኝና ወደ መጋዘን ኃላፊው ወደ ረዲ ዞረ። ረዲ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ገበያ ቡና ሲመዝን ያደገ ሰው ነው።

«ጋሼ ረዲ፣ አሥር ኪሎ ቡናና አምስት ፈረሱላ ቡና አስቀምጬ አንዱን ይሸከሙ ብልዎት የቱን ያነሣሉ?»

«ሞኝ አደረግከኝ? አሥሩን ኪሎ ነዋ! ለአምስት ፈረሱላ ወገብ ከየት አመጣለሁ?»

«አምስት ከአሥር በለጠ ማለት ነው?»

«ፈረሱላ ከሆነማ ይበልጣል!»

«በቃ፣ ቢትን ኪሎ በሉት፣ ባይትን ፈረሱላ። አንድ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ እንደሆነ ሁሉ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። አዲሱ ዲስክ በሰከንድ አርባ ሚሊዮን ቢት ያስተላልፋል።»

አገሩ የቡና አገር ነውና ሁሉም ገባው፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ያልሳቁት ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያሰላሉ። ከአሥር ወደ አርባ። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«ጓዶች! በእኔ አመራር የመሥሪያ ቤታችን አቅም አራት እጥፍ አድጓል!»

አጨበጨብን። እኔማ እስክሪብቶዬን ጥዬ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ባሌ ማታ ባኬ ጃማ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ሊገባልኝ ነው፤ ሌላው ምን አገባኝ!

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ኃላፊው በዚያው ዕለት ለበላይ አካል ቴሌግራም አስመቱ። ቴሌግራም አጭር መሆን አለበትና ዲስክ፣ ቢት፣ ባይት የሚሉት ቃላት ወጡ። የቀረው «የወለጋ ቡና መሥሪያ ቤት አቅም አራት እጥፍ አድጓል» የሚለው ነው።

መልሱ ከምስጋና ጋር ፈጥኖ መጣ። አቅማችን አራት እጥፍ ስላደገ ገበሬው የሚያስገባው የቡና ኮታም አራት እጥፍ ይሆናል። ይህንን ብሥራት በየገበሬ ማኅበሩ ዞሮ እንዲያስረዳ የዕድገቱ ባለቤት ጓድ ቀነዓ ተመደበ። ቴሌግራሙ ተሳስቷል እንዳንል፣ የበላይ ሰው ተሳሳተ አይባልም። ቀነዓ እምቢ ቢል ደግሞ አሻጥሩ ተመልሶ እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተላከው አባቴ ባቻ ወደሚኖሩበት ወደ አኖ ገጠር ነበር። እኔም አብሬው ሄድኩ። ቀነዓ ወረቀቱን ለተሰበሰበው ገበሬ አንብቦ ሲጨርስ አባቴ ከፊት ተነሡ።

«አካም ቡልተን፣ ሶዳ» አሉት፤ እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው። ሶዳ አማች ነው፤ አማች ደግሞ በእኛ ዘንድ ጥፋት ላይ ቢገኝም በአንቱታ ነው የሚነገረው። «ይህ ያስመጡት ሳጥን ሥራው ምንድን ነው?»

«ቡና ይቆጥራል፣ ኦቦ ባቻ።»

«ከበፊቱ አራት እጥፍ ፈጥኖ?»

«አዎ።»

አባቴ ዘወር ብለው ጓሯቸው ያሉትን ጥቂት የቡና ዛፎች ተመለከቱ። «እንግዲያው የእኔን ቶሎ ይጨርሰዋል» አሉና ተቀመጡ። ቀነዓ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም፤ እኔም አልቻልኩም።

በለቀማው መጨረሻ አባቴ ኮታውን ሳያሟሉ ቀሩና በአሻጥር ታሰሩ። የፈሩት ይደርሳል፤ አገልግሌን ይዤ ወህኒ በር ላይ ቆምኩ። ቀነዓ አጠገቤ ነው፤ ውሃውን የያዘው እሱ ነው።