የአምፕሊፋየሩ ክዳን

የሟቹ አባቷ የሕይወት ታሪክ ከአንድ ገጽ ተኩል እንዳይበልጥ ተነግሯት ነበር። ሩሀማ አንድ ገጽ ብቻ ጻፈች። ማርቆስ ከዚያም ላይ የሚቀንሰው አገኘ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ደጃፋቸው ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ገና አልሞላም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌና የቀብሩ ፕሮግራም መሪ ማርቆስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አነበበ።

«ጥሩ ነው። እንደ አባትሽ ነሽ፣ ወሬ አታበዢም» አለና ብዕር አወጣ። «ይቺን አንድ መስመር ብቻ እናውጣት።»

የትኛዋ እንደሆነች ሳታይ አወቀች። «በ1989 ዓ.ም. በወጣው የመዘምራኑ ሁለተኛ ካሴት ላይ ኪቦርዱን የተጫወተው እሱ ነው» የምትለዋ ናት።

«ለምን ትውጣ?»

«ካሴቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ነዋ።»

«የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው፣ ጋሽ ማርቆስ።»

«ልጄ፣ ዛሬ የክርክር ቀን አይደለም።»

«አልተከራከርኩም። ማን ነው የተጫወተው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ማርቆስ መስመሯን ሰረዛት፤ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ፣ ፊደሉ እስኪጠፋ። «ማስረጃ የሌለውን ነገር ሬሳ ፊት ቆሜ አላነብም» አለና ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ያንን ካሴት ሀዋሳ ውስጥ የማያውቅ ጴንጤ የለም። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ድምፃውያኑ ከመግባታቸው በፊት ኪቦርዱ ብቻውን የሚሄድባት ቦታ አለች። ሙሽራ ሲገባ እሷ ትመታለች፤ ባጃጅ ውስጥ እሷ ትሰማለች። ማርቆስ የከተማውን ግማሽ ወጣት ኪቦርድ ያስተማረው በእሷ ስም ነው። የሩሀማ አባት ማቴዎስ ያኔ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል የማታ ባንድ ጋር ስለሚጫወት ከአገልግሎት ታግዶ ነበር። በኋላ እገዳው ተነሳለት፤ እስኪሞት ድረስ ግን መድረክ ላይ አልወጣም። ጥግ ላይ፣ ራሱ ሠርቶ ለቤተ ክርስቲያኑ ከሰጠው አምፕሊፋየር አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

ቤዝም ይሁን ጊታር ወይ ኪቦርድ፣ የተሰጠውን ይጫወታል። ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ሲደወልለት አንዲት ቦርሳ ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ በሁለተኛው ቀን ይመለሳል። ከወራት በኋላ ካሴቱ ሲወጣ ቤት ውስጥ ይከፈታል፤ እሱ የገባበት ቦታ ሲደርስ ጠረጴዛውን በጣቱ አንዴ ይነካል። ሌላ ምልክት አልነበረውም። የሁለተኛውን ካሴት ነገር ለሩሀማ የነገራት ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሆስፒታል ውስጥ አጠገቡ በተኛ ታማሚ ስልክ ላይ ያቺ መዝሙር ስትጫወት፣ ስለ ተቃጠለ ፊውዝ እንደሚያወራ ሰው፣ «ያቺ እኔ ነኝ» አላት።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ይጨምርልኛል?»

ሩሀማ መልሱን ያኔም አልወደደችውም፤ ዛሬም አትወደውም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የማሽን ጥገና መሐንዲስ ናት፤ አንድ ነገር ከሠራ የሠራው ሰው ይታወቃል። በእሷ ስሌት ከተማው ቆሞ ስለ አባቷ የሚያዳምጠው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያም ቀን ዛሬ ነው፤ ከሰባት ሰዓት በፊትም ያልቃል።

እናቷ ብርቅዬ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰምታለች። እጇን ያዘቻት። «ተይው። ከሰውዬው ጋር ብትጣዪ ሬሳውን ፀሐይ ላይ ነው የሚያቆዩት። የሞተውን ላታስነሺ ያለነውን አታዋርጂን።»

«አንድ መስመር እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ማይክ እንዳትይዢ። ቃል ግቢልኝ።»

ሩሀማ ጥርሷን ነከሰች። «እሺ። ማይክ አልይዝም።»

ከዚያ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣችና ባጃጅ አስቁማ ወደ ገበያው ሄደች።

ኑሪ ሱቁን ለቀብር ሊዘጋ በሩን ግማሽ አውርዶታል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፤ ከአባቷ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱ ሲበይድ ሌላው ባትሪ ሲያበራ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

«ጋሽ ኑሪ፣ ካሴቱ ሲቀረጽ እርስዎ ነበሩ?»

ኑሪ መቆለፊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ነበርኩ። አዳራሹ ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅለው ነው የቀረጹት። ቀራጩ ከአዲስ አበባ የመጣው ለአንድ ቀን ነው። ጠዋት አምፕሊፋየሩ ጠፋ፤ አባትሽን ለጥገና ብለው ጠሩት፣ እኔ ዕቃ ይዤ ተከተልኩ። ማርቆስ በወባ ተኝቷል። ቀራጩ ሰዓቱን ያያል። አባትሽ ሠርቶ ሲጨርስ፣ እስቲ ሞክረው አሉት። ሞከረው።»

«ዛሬ ይህን ይናገሩልኛል?»

«እኔ?» ኑሪ ሊስቅ ዳድቶት ተወው። «የጴንጤ መዝሙር ማን እንደተጫወተ የሚመሰክረው ኑሪ ነው? የነበሩት ሞተዋል፤ ያልሞተውም የት እንዳለ አይታወቅም። ግን አንቺ መሐንዲሷ፣ አባትሽ ሳይጽፍ ክዳን ገጥሞ ያውቃል?»

እንዴት ረሳችው? አባቷ የከፈተውን ዕቃ ሁሉ ከመዝጋቱ በፊት ክዳኑ ውስጥ በማይጠፋ ቀለም ይጽፍበታል፦ ቀኑን፣ የሆነውን፣ አብሮት የነበረውን ሰው። «ለሚቀጥለው ከፋች» ይላል። የቤታቸው ካውያ ውስጥ «ብርቅዬ ጣለችው። ገመድ ተቀየረ» ይላል። ትልቁ ሬዲዮ ውስጥ «ሩሀማ ዛሬ ተወለደች። ስፒከሩ ግን አልተሳካም።»

አምፕሊፋየሩ ሲከፈት ደግሞ በልጅነቷ ስንቴ አይታለች። ክዳኑን ሁልጊዜ በፊቱ ደፍቶ መዝሙር መጽሐፉን ላዩ ላይ ያስቀምጥ ነበር። አቧራ እንዳይገባ ይመስላት ነበር።

«አሁን ክፈቱልኝ ብል አይከፍቱልኝም» አለች።

«ዛሬ የክዳኑን ብሎን ማን አላልቶለታል?»

«ማንም።»

ተያዩ። የአምፕሊፋየሩ ሳጥን ጎኑ ከአሮጌ ጀልባ ጣውላ የተሠራ ነው፤ ማቴዎስ አሞራ ገደል ካሉ ዓሣ አጥማጆች ለምኖ ያመጣው። ሲግል ዓሣ ዓሣ ይሸታል። በጣም ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ማቴዎስ እንዲህ የሚያደርግ መቁረጫ አስገብቶበታል። ለዚህ ነው ረጅም ፕሮግራም ሲኖር ክዳኑን ፈትቶ አጠገቡ የሚቀመጠው። ዛሬ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው የሬሳ ሳጥን ውስጥ ነው። ሩሀማ በሆዷ አሰላች፦ የቀትር ፀሐይ፣ የተገጠመ ክዳን፣ መዝሙር፣ ስብከት። አርባ ደቂቃ ቢቆይ ነው። ማንም ሳይነካው ይጠፋል። ሄዳ ብሎኑን አላሉ ልትላቸው ትችላለች፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«ካቻቢቴ ይኖርዎታል?» አለች።

ኑሪ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቷል። የሬሳ ሳጥኑ መድረኩ ፊት ለፊት ነው። ሩሀማ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ካቻቢቴውን ነጠላዋ ውስጥ ጨብጣለች። አምፕሊፋየሩ ፀሐይ ላይ ነው። አጠገቡ ባለችው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ያለ ሟቹ ማንም ተቀምጦባት አያውቅም።

መዘምራኑ ተነሱ። የትኛውን እንደሚዘምሩ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ወጣቱ ኪቦርዲስት ማርቆስ እንዳስተማረው ያቺን መግቢያ መታ። ብርቅዬ የልጇን ጉልበት ጨበጠች። ሩሀማ ሰዓቷን አየች። አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ሰባኪው ተነሳ። አላጠረም። ሃያ ስድስት። ሠላሳ አንድ። የአምፕሊፋየሩ ብረት ክዳን ላይ አየሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባይጠፋስ? ማርቆስ አንብቦ ቢጨርስና ሬሳው ቢነሳ? ሠላሳ አምስት ላይ ሰባኪው «በመጨረሻም» አለ፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ጥቅስ አነበበ። ማርቆስ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ማይኩ ጋ ሲደርስ ሽታው መጣ። ዓሣ። ከኋላዋ የተቀመጡ ሴትዮ አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

«ወንድማችን ማቴዎስ በ1956 ዓ.ም. በቱላ ተወለደ» አለ ማርቆስ። «ከልጅነቱ ጀምሮ ለሙዚቃና ለኤሌክትሮኒክስ ልዩ ፍቅር የነበረው ሲሆን፣ ያለ አስተማሪ በራሱ ጥረት...»

አምፕሊፋየሩ ጧ ብሎ ጠፋ።

የማርቆስ ከንፈር ለጥቂት ጊዜ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። «መብራት ነው?» አለ አንዱ። «መብራትማ አለ!» አለ ሌላው። ወጣቱ ኪቦርዲስት ማብሪያውን ነካካ፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ወንበሯ ዞሮ አየ። ባዶ ናት።

ሩሀማ ተነሳች። ብርቅዬ ቀሚሷን ያዘቻት። «ቃል ገብተሻል!»

«ማይክ አልይዝም፣ እማዬ።»

አንደኛው ብሎን። ሁለተኛው። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው። አራተኛው አናቱ ተበልቷል፤ ካቻቢቴው ሁለቴ አዳለጣት፣ በሦስተኛው ሙከራ ያዘላት። ማርቆስ ከመድረኩ ወርዶ አናቷ ላይ ቆመ።

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሰው ፀሐይ ላይ ነው።»

«እስኪበርድ። አራት ደቂቃ። ክዳኑን ይያዙልኝ፣ በጠርዙ።»

ሳያስብ ተቀበላት። እሷ በፕሮግራሙ ወረቀት ታራግብ ጀመር፤ ዓይኗ ግን ክዳኑ ላይ ነው። ውስጡ በጽሑፍ ተሞልቷል። ማርቆስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ክዳኑን ወደ ፊቱ አስጠጋ።

ከላይ «መስከረም 1986። ተሠራ» ይላል። ከታች ደግሞ «ኅዳር 2011። ዓሣ ይሸታል አሉ። እውነት ነው።» መሐል ላይ፣ በዚያው የእጅ ጽሑፍ፦

«ሚያዝያ 12 ቀን 1989። ትራንዚስተር ተቀየረ። ማርቆስ በወባ ተኝቷል። ኪቦርዱን እኔ ተጫወትኩ። ስምህ አይጻፍ አሉኝ። እሺ አልኩ። ኑሪ ነበር።»

ማርቆስ ሁለቴ አነበበው፤ ዓይኑ ወደ ላይ ሲመለስ አይታለች።

«ማስረጃ ብለው ነበር» አለች፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«እዚህ ነው የሚቀመጠው» አለ ማርቆስ። «በየእሑዱ። ሰላም ይለኛል፤ ድምፁ ተስተካክሎልሃል ወይ ይለኛል።»

«ክዳኑን ደፍቶ።»

«አሁን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«ድምፁ ሲመጣ ያነቡታል።»

«ባላነበውስ?»

ማራገቧን አላቆመችም። «መልሼ እገጥመዋለሁ። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ያነበዋል።»

ቀጭ አለ። ቀይዋ መብራት በራች። ማይኩ እፍ የሚል ድምፅ አሰማ፤ ሰዉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ማርቆስ ወደ መድረኩ ወጣ። ክዳኑን እንደያዘ ነው።

ካቆመበት ቀጠለ። ያለ አስተማሪ በራሱ ጥረት መማሩን፣ አምፕሊፋየሩን ሠርቶ መስጠቱን አነበበ። ከዚያ ቆመ። ሩሀማ ወረቀቱን ባታየውም የት እንደደረሰ አውቃለች፤ ሦስት ጊዜ የተሰረዘችው መስመር ላይ ነው። ቀጥላ ያለችው «ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበር» የምትለዋ ናት። ዘሎ ሊያልፋት ይችላል። ዝምታው ረዘመ። ብርቅዬ ዓይኗን ጨፈነች።

«አሁንም ጠፋ እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«አልጠፋም» አለ ማርቆስ በማይኩ። ድምፁ ግቢውን ሞላው። «አልጠፋም። እዚህ ላይ እኔ የሰረዝኩት መስመር አለ።»

ክዳኑን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንደተጻፈው አነበበው፤ «እሺ አልኩ» የምትለዋንም «ኑሪ ነበር» የምትለዋንም አላስቀረም። ከዚያ «ያን ቀን ታምሜ ነበር» አለ። «ከዳንኩም በኋላ ግን ዝም አልኩ። ስሙ የእኔ ሆኖ ቀረ።»

ማንም አላጨበጨበም፤ ቀብር ነው። ኪቦርዲስቱ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። አንድ አሮጊት «አቤት ጌታ ሆይ» አሉ። ኑሪ አጥሩ ሥር እንደቆመ ጫማውን ያያል። ብርቅዬ ጣቷን አንስታ የሬሳ ሳጥኑን አንዴ ነካችው።

ሩሀማ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስታ ቢጤ መጣ፤ ወዲያው ግን በአባቷ ተናደደች። እሺ አልኩ! ምን ማለት ነው እሺ? የሚጠይቁት ሰው ደግሞ አሁን በስምንት ሰው ትከሻ ላይ እየተነሳ ነው።

ሰዉ ወደ በሩ ሲጎርፍ ማርቆስ መጥቶ ክዳኑን በሁለት እጁ ሰጣት። እሷ አይዞዎት አላለችውም። ከኑሪ ማርከር ተቀብላ ተንበረከከችና ከመጨረሻው መስመር ሥር ጻፈች፦

«ታኅሣሥ 2017። ግሎ ጠፋ። ተከፈተ፣ በረደ፣ ሠራ። ማርቆስ ተናገረ። ኑሪ ነበር። ማራገቢያ ይግባለት።»

«ሩሀማ!» ብርቅዬ ከበሩ ተጣራች። «ነይ እንጂ፣ እየሄደ እኮ ነው!»

ሦስቱን ብሎን አጠበቀች። አናቱ የተበላውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሮጠች።