ቀድሞ የሚገባው ሰላምታ

የኅሩይ ሰላምታ ከኅሩይ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቤት መግባት የጀመረው ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሰኞ ነው። ኅሩይ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለቡ ካለው ቤቱ ደርሶ ጃንጥላውን ሲያራግፍ፣ ሚስቱ ሰናይት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ፈገግ ብላ ነበር።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት።

«አሁን ጠይቀኸኝ የለም እንዴ?»

«መቼ?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ። ሰላምታህ መጥቶ ነበር።»

ኅሩይ ካፖርቱን ሰቀለ። ሰናይት ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር የማታጋንን ሴት ናት።

«ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ ጉልበቴን ጠየቀኝ። ቀጥሎ እንቅልፌን። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና እናቴን ጠየቀኝ።»

ኅሩይ ተራውንና ዝምታውን ሲሰማ ወዲያው አወቀው። የገዛ እጁ ሥራ ነበር።

ኅሩይ ጎፋ ባለ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ነው። ድርጅቱ ለገበሬዎች የዝናብ ትንበያ የሚልክ ፕሮግራም አለው፤ ትንበያውን የሚያመጣው ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ነው። ከግንቦት ጀምሮ ግን ሰርቨሩ ፕሮግራሙን ከደጅ ይመልሰው ጀመር። ጥፋቱ የሰላምታው ነበር። ሁለት ኮምፒውተሮች በምስጢር ከመነጋገራቸው በፊት ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ እንግዳው የሚያውቃቸውን የቁልፍ ዓይነቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የዝርዝሩ ተራ እንደ ጣት አሻራ ነው። ሰርቨሩ ተራውን አይቶ «ይሄ ሰው የላከው አይደለም» ካለ በሩን ይዘጋል።

ኅሩይ የሰላምታውን ኮድ ፈታትቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ አዲስ ቀረጸው። ተራውን አዛወረ። ትንሽ ዝምታ ጨመረበት። መሐል ላይ፣ አድማጩ እንዳይሰለች፣ ምንም ትርጉም የሌለው አንድ ቃል ከተተ፤ ቃሉ በየቀኑ ይለዋወጣል። ሰርቨሩ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። አለቃው ጋሽ መኩሪያ «እኔንም እንዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው ባገኘሁ» አሉ።

ኅሩይ ራሱ ሰላምታ አይሆንለትም። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳሩ «እንዴት ዋልሽ» የሚለው ጫማውን እየፈታ ነው፤ መልሱን ጠብቆ አያውቅም።

ሰላምታው ማክሰኞም መጣ። ረቡዕ ዕለት ሰናይት ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። ሐሙስ ኅሩይ ሲገባ ለሠርግ ካልሆነ የማታደርገውን የወርቅ ጉትቻ አድርጋ አገኛት።

«ለማን ነው?»

«ለሰላምታህ።»

«ለእኔ አድርገሽልኝ አታውቂም።»

«አንተ እንደሱ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አለች ሰናይት። «እግዜር ይስጥህ።»

ኅሩይ እራቱን ሳይበላ ተነሣ። ቆየት ብሎ ከጓዳ ተመለሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፦ «የዛሬው ቃል ምን ነበር? ያ ትርጉም የሌለው።»

ሰናይት አንገቷን ሰበረች። «እሱን አልነግርህም» አለች።

ያን ጊዜ ቅናት ገባበት። ሰው ቢሆን ሄዶ ይጣላው ነበር፤ መልክ የለው፣ አድራሻ የለው። አርብ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ሰላምታውን ከኮዱ ውስጥ አጠፋው። ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ በሩን ዘጋ፤ ትንበያ ያልደረሳቸው የሦስት ወረዳ ገበሬዎች ስልክ ይደውሉ ጀመር። ጋሽ መኩሪያ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ምን ሆነሃል?»

«ሚስቴን እየቀማኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ይገባኛል» አሉ። «ገበሬው ግን ምን አደረገህ? መልሰው።»

መለሰው። ማታ ቤቱ ሲገባ፣ አርብም ቢሆን ሰላምታው በሰዓቱ መጥቶ እንደነበር ሰናይት ነገረችው። ባሕር ማዶ ቀረ እንጂ ለቡስ አልቀረም።

ቅዳሜና እሑድ ኅሩይ የራሱን ሰላምታ አጠና። መታጠቢያ ቤት ቆልፎ በመስተዋት ፊት ተለማመደ፦ ጉልበት፣ እንቅልፍ፣ ዝምታ፣ እናት። ትርጉም የሌለውን ቃልም ከራሱ አወጣ። ሰኞ ፈቃድ ጠይቆ ከሥራ ወጣና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከበሩ ደረሰ። ልቡ እንደ ሙሽራ ይመታ ነበር። ቁልፉን አዞረ፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ሰናይት።

ጠየቃት። ጉልበቷን፣ እንቅልፏን። ዝም የሚባልበት ላይ ዝም አለ። እናቷን ጠየቀ፤ ቃሉንም ጣል አደረገ። አንድም ነገር አላዛነፈም።

«ተራው ልክ ነው» አለች ከውስጥ። «ግን እየቆጠሩ ነው የሚናገሩት።»

«ሰናይት፣ እኔ ነኝ። ኅሩይ ነኝ።»

«ኅሩይ ገብቷል» አለችው በትሕትና። «ግማሽ ሰዓት ሆነው።»

ኅሩይ ሰዓቱን አየ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ወደ መስኮቱ ዞሮ በመጋረጃው ክፍተት ወደ ውስጥ ተመለከተ። ሰናይት ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች፣ ፊቷ በርቷል። ከፊት ለፊቷ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ያለው ትራስ መሐሉ ሰርጉዷል። ኅሩይ እያየ ትራሱ ቀስ ብሎ ተነፋና ሞላ። ወለሉ ወደ በሩ በኩል ሲጢጥ፣ ሲጢጥ አለ።

መቀርቀሪያው ተሳበ። በሩ ተከፈተ።

ደፉ ላይ የኅሩይ የቤት ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ቆሟል፣ አፍንጫው ወደ እሱ ዞሮ። ከጫማው በላይ ማንም አልነበረም።

«እንደምን ዋሉ?» አለ የኅሩይ ድምፅ፣ መልሱን እየጠበቀ። «ማንን ፈልገው ነው?»